ሚኒያፖሊስ ልቅር ወይስ ሴንት ፖል ልግባ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሲዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ባለ አንድ መኝታ ውስጥ አራት ሆነን እንኖራለን። ሊዛችን (የኪራይ ውላችን) በጃንዋሪ መጨረሻ ያልቃል። የባለቤቴ አክስት ሴንት ፖል ውስጥ ዱፕሌክስ፣ ላይና ታች ሁለት ቤት ያለው፣ አላቸው። የታችኛው ተለቀቀና "ለባዳ ከማከራይ እናንተ ግቡ" አሉን። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ኪራዩም እዚህ ከምንከፍለው ብዙ አይርቅም። ግን ሥራዬ እዚሁ ነው፣ በእግሬ ነው የምሄደው። ልጆቼን የምትይዝልኝ ሶማሌዋ ጎረቤቴ ናት፤ እሷን የመሰለ ሰው ከየት አመጣለሁ? እምቢ ካልኩ ደግሞ እትዬ ይቀየማሉ። የእሳቸው ቅያሜ አገር ቤት ድረስ ነው የሚሰማው።

አሳይለም (ጥገኝነት) አግኝተን ግሪን ካርድ እየጠበቅን ነው። ቤት መቀየር ነገር ያበላሽብናል? ሚኒያፖሊስ የመንግሥት ቤት ወረፋ ላይም አለን፤ ከወጣን ይቃጠላል? የልጆቹ ሜዲካል፣ የስቴቱ የጤና መድንስ? ደግሞ ሴንት ፖል ሐበሻ አለ እንዴ? በሄድኩ ቁጥር የማየው እስያዎችን ነው።

ፍሮግታውን ነኝ፦
ግቢ እህቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ ያለሁት እዚያው ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር ነው፤ ሐበሻማ ሞልቷል። ስኔሊንግና ዩኒቨርሲቲ አቬኑ አካባቢ ብቅ ብትይ ቡናውም ክትፎውም አለ። ሰፈሩ የሐበሻ ነው ወይ ካልሽኝ አይደለም። የእኔ ጎረቤቶች በአንድ በኩል ከላኦስ የመጡ ሞንጎች፣ በሌላው በኩል ከበርማ የመጡ ካረኖች ናቸው። ቋንቋ አንግባባም። በረዶ ሲጥል ግን ደጄን ጠርገውልኝ ነው የምነሳው። ካንቺ ፎቅ ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ፎቅ ላይ በረዶ የለም እኮ እህቴ።

የድሮ ኬዝ ወርከር፦
የሰፈሩን ነገር ለእናንተ ልተውና የወረቀቱን ልናገር። ቤት መቀየር ኬዝ አያበላሽም። የሚያበላሸው አለማሳወቅ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ቤት ከቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ፎርሙ ኤአር 11 ይባላል። ኦንላይን ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ለፖስታ ቤት ብቻ ተናግሮ መቀመጥ አይበቃም። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ኬዝ ያለው ሰው ለፍርድ ቤቱም ለብቻው በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ይሄ አንቺን አይመለከትም፤ ሌላ የሚያነብ ይኖራል ብዬ ነው።

ሜዲካሉ ቀላል ነው። ሚኒያፖሊስ ሄነፒን ካውንቲ ነው፣ ሴንት ፖል ደግሞ ራምዚ። ፕሮግራሙ የስቴቱ ስለሆነ እንደ አዲስ አታመለክቺም። መልቀቅሽን ወዲያው ለሄነፒን ትነግሪያለሽ፣ ፋይሉ ወደ ራምዚ ይሻገራል። ሲሻገር መንገድ ላይ የሚቀር ወረቀት አይታጣምና የሰጠሽውን ሁሉ ኮፒ ያዢ።

ወረፋው ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብሽ። ሁለቱ ከተሞች የየራሳቸው የቤቶች ድርጅት አላቸው። አንዱ ጋ መመዝገብ ሌላው ጋ አያስመዘግብም። አዲሱን አድራሻ ካላሳወቅሽ ደግሞ ደብዳቤው ይመለስና ስምሽ ከወረፋው ይሰረዛል። ብዙ ሰው ወረፋውን የሚያጣው ከከተማ ስለወጣ አይደለም፣ ደብዳቤው ስላልደረሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ያለሽበት አከራይ ማስያዣሽን በ21 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም ለምን እንደያዘው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ግን የምትገቢበትን አድራሻ ካልሰጠሽው ቀኑ አይቆጠርበትም።

ሹፌር 94፦
ኬዝ ወርከሩ ወረቀቱን ነገረሽ፤ እኔ ከተማውን ልንገርሽ። ስነዳበት የኖርኩት ነው።

ሁለቱ ከተሞች ተለጣጥፈው አንድ ይመስላሉ። 94 በሚባለው አውራ ጎዳና ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል አሥር ማይል ገደማ ነው። ስደተኛው ግን እንደ አንድ ከተማ አልሰፈረባቸውም። ሞንጎቹን እንይ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ከ1975 በኋላ ከላኦስ ወጥተው በታይላንድ ካምፖች በኩል መጡ። ቤተሰባቸው ብዙ ነው። ሴንት ፖል ውስጥ ደግሞ ለልጆች የሚበቃ መኝታ ያላቸው የመንግሥት ቤቶች ነበሩ፤ ማክዶኖ ሆምስ አንዱ ነው። ፍሮግታውንና ኢስት ሳይድ ያሉት አሮጌ የሠራተኛ ቤቶችም ርካሽ ነበሩ። የገባው ያልገባውን ሳበ። ከካሊፎርኒያ ሳይቀር እየነቀሉ መጡ። ካረኖቹም ከበርማ ሲመጡ እዚያው ሴንት ፖል ተከተሏቸው።

ሶማሌዎቹ ደግሞ በ90ዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ብዙዎቹን የሳበቻቸው ማርሻል የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። የተርኪ ሥጋ ፋብሪካ ነበራት፤ እንግሊዝኛ ሳይጠይቅ ይቀጥራል። ትንሽ ሲቋቋሙ ወደ ሚኒያፖሊስ ወጡ። የአንቺ ፎቆች ጠበቋቸው። ፎቆቹ በ1973 ሲከፈቱ ሀብታምና ድሃ አብረው እንዲኖሩባቸው ነበር የታሰበው። ሀብታሙ ብዙም አልቆየ። ክፍሉ ለአዲስ ገቢ ተረፈ።

ሜክሲኮዎቹ ይባስ ብለው በሁለቱም አሉ። የጥንቶቹ በስኳር ቢት እርሻና በቄራ ሥራ መጥተው ሴንት ፖል ዌስት ሳይድ ሰፈሩ። በኋላ የመጡት ሚኒያፖሊስ ሌክ ስትሪትን ሞሉት። አንድ ሕዝብ፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ከተማ። ስለዚህ "ሞንግ ሴንት ፖልን ይወዳል፣ ሶማሌ ሚኒያፖሊስን ይወዳል" የሚሉትን አትስሚ። ሰው የሚሰፍረው ሲመጣ ሥራና ባዶ ቤት ባገኘበት ነው። ውዴታው በኋላ ይመጣል።

ቆፍጣናው፦
ጋሼ ሹፌር ታሪኩን አሳምረው ተናገሩት። እኛስ ታዲያ? ሶማሌው ካርመል ሞልን የሚያህል ገበያ አለው። ሞንጉ ሁለት ገበያ አለው፣ ኮሞ አቬኑ አንድ፣ ጆንሰን ፓርክዌይ አንድ። ሁለቱም ሴንት ፖል። እኛ ምን አለን? የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ መጨቃጨቅ!

ሹፌር 94፦
ልጄ፣ አመጣጣችንን እይ። አንዱ በሱዳን በኩል በ80ዎቹ፣ አንዱ ተማሪ ሆኖ መጥቶ በደርግ ምክንያት የቀረ፣ አንዱ በዲቪ፣ አንዱ ለስብሰባ መጥቶ አሳይለም የጠየቀ። ዲቪ የደረሰው ዘመዱ ያለበት ይገባል። አሳይለም ጠያቂው ሶፋ የሰጠው ጓደኛው ጋ ይገባል። በአንድ ጊዜ በብዛት ሆነን፣ በአንድ በር አልገባንም። ከዚያም ብሩክሊን ፓርክ፣ በርንስቪል፣ ኢገን ተበታተንን።

ቆፍጣናው፦
ሰበብ ነው ጋሼ።

ፍሮግታውን ነኝ፦
ሰበብ አይደለም፤ ዋጋው ግን የሚታይ ነው። ግሪን ላይን ባቡር በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሊያልፍ ሲታቀድ እኛ ሰፈር ዌስተርን፣ ቪክቶሪያና ሃምሊን ላይ ፌርማታ አልነበረውም። ሀብታሙ ሰፈር ፌርማታ አለው፣ እኛ ዘንድ ዝም ብሎ ያልፋል! ነዋሪው ተሰበሰበ። ጥቁር አሜሪካውያኑ በፊት 94 ሲሠራ ሮንዶ የሚባለው ሰፈራቸው ስለፈረሰባቸው ነገሩ ገብቷቸዋል። እስያ ነጋዴዎቹም አብረው ጮኹ። ሦስቱም ተጨመሩ። ባቡሩ በ2014 ሥራ ሲጀምር ሦስቱም ላይ ይቆም ጀመር። ተበታትነው ቢሆን ማን ይሰማቸው ነበር?

ቆፍጣናው፦
አያችሁ! ሰፈር ማለት ድምፅ ማለት ነው። ሞንጎቹ በ2002 ሚ ሙዋን የስቴቱ ሴኔት ላኩ። ሶማሌዎቹ በ2013 አብዲ ዋርሳሜን ሚኒያፖሊስ ካውንስል አስገቡ። በ2025 ደግሞ ሴንት ፖል የሞንግ ልጅ፣ ካኦሊ ኸርን፣ ከንቲባ መረጠች። እኛ መቼ ነው?

ልጅት ከነቀምት፦
ይቅርታ፣ "እኛ" ስትል ማንን ነው? የኦሮሞ ማኅበር ሴንት ፖል የራሱ ቤት አለው። ሲዳርም ብትሄድ ፎቁ ግማሹ አፋን ኦሮሞ ነው የሚያወራው። "የለንም" የምትለው ያለውን ሳታይ ነው።

ቆፍጣናው፦
ይኸው! ተጀመረ። እኔ ኢትዮጵያዊ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ልጅት ከነቀምት፦
ያሰብከውንማ ጻፍከው፤ ቡና፣ ክትፎ፣ ቤተ ክርስቲያን። መስጊድ የሚሄደውስ? ቸርች የሚሄደው የወለጋ ጴንጤስ? የአንተ "እኛ" ጠባብ ነው።

ቆፍጣናው፦
ክትፎውን እኔ አላልኩም!

አስተባባሪ፦
እባካችሁ። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ቤት ነው። የአገር ቤቱን ክርክር እዚህ አታምጡት።

ልጅት ከነቀምት፦
የአገር ቤት አይደለም፤ የሚኒሶታ ነው። ማን የት ሰፈረ እያልን አይደል የምናወራው?

አምሳለ፣ ብሩክሊን ፓርክ፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። ሐበሻ መሃል መኖር ለምን እንደዚህ እንደሚያጓጓችሁ አይገባኝም። መጀመሪያ እንደመጣሁ ከሐበሾች ጋር ነበር የምኖረው። የገዛሁት መኪና፣ የለበስኩት ልብስ፣ ለእናቴ የላኩት ብር ሁሉ ወሬ ነበር። አሁን ጎረቤቴ ላይቤሪያዊት ናት። ሰላም ትለኛለች፣ ሰላም እላለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ።

ሹፌር 94፦
በሬን እዘጋለሁ አልሽ? እኔን የሚያስፈራኝ ያ የሚዘጋው በር ነው። ልጆቼ ወጥተው ሄደዋል። ባለቤቴ ዐርፋለች። ከሥራ ስገባ ቤቱ ዝም ይላል። እሑድ እሑድ ሲዳር ሄጄ ሶማሌዎቹ ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ጫጫታው ግን ድሬዳዋን ያስመስልልኛል፣ ያደግኩበትን። ለእኔ ሰፈር ያ ነው።

አምሳለ፣ ብሩክሊን ፓርክ፦
ጋሼ፣ አላወቅኩም። ነፍስ ይማር።

ላኪው፦
ኧረ የሰፈሩን ተዉት፣ የትም ብንኖር ደሞዛችን የሚያድረው አገር ቤት ነው። የብር ምንዛሪ በጁላይ 2024 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዘመድ ሁሉ "አሁንማ ዶላሩ ብዙ ብር ያወጣል፣ ትንሽ ብትልክም ይበቃናል" ይለኝ ነበር። ከዚያ የጤፉም ዋጋ ተከትሎ ወጣ፤ የምልከው መልሶ እዚያው ሆነ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ በካሽ የሚልክ ሰው 1 በመቶ ታክስ ይቆረጥበታል። በካሽ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ ከፍሎ የሚልክ ማለት ነው። ከባንክ አካውንት ወይም እዚህ አገር በወጣ ዴቢት ካርድ ከላካችሁ አይነካችሁም። በየሱቁ ካሽ ይዛችሁ የምትሰለፉ፣ አስቡበት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ስለ ታክሱ አመሰግናለሁ፣ እኔም በካሽ ነበር የምልከው። ወደ ቤቴ ልመልሳችሁና፣ የእትዬ ቤት ኢስት ሳይድ ነው፣ ፌለን ሐይቅ አካባቢ። መኪናውን ባለቤቴ ነው ለሥራ የሚይዘው። ሥራዬ የምገባው በጠዋት ነው።

ፍሮግታውን ነኝ፦
ውይ፣ እኔ ፍሮግታውን መስሎኝ ነው እኮ "ግቢ" ያልኩሽ። ከእኛ ጋ ቢሆን ግሪን ላይን ይዘሽ ዌስት ባንክ ፌርማታ ትወርጃለሽ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከፌለን ከሆነ መጀመሪያ በአውቶቡስ መሃል ሴንት ፖል፣ ከዚያ ባቡር። በክረምት፣ ሁለት ልጅ ይዞ፣ ለጎረቤትሽ አድርሶ... እንጃ።

የድሮ ኬዝ ወርከር፦
ልጆቹን እዚያው ሰፈር የሚይዝ ሰው ካላገኘሽ አትግቢ፤ እኔ የምልሽ ይሄንን ነው። የሰፋ ቤት በየቀኑ የሚባክነውን ሰዓት አይመልስም። የምትገቢ ከሆነ ግን ከአክስትም ጋር ቢሆን ሊዝ በጽሑፍ ይሁን። ሴንት ፖል በ2021 በሕዝብ ድምፅ የኪራይ ጭማሪን በዓመት 3 በመቶ ላይ ገድባለች። በኋላ ብዙ ነገር ተላልቶበታል። ከ2004 በኋላ የተሠሩ ቤቶች ከሕጉ ወጥተዋል፤ ባለቤቱም ምክንያት አቅርቦ ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችላል። የእትዬ ቤት ግን አሮጌ ከሆነ ሕጉ ይይዘዋል። ሚኒያፖሊስ በዚያው ቀን ካውንስሉ እንዲህ ዓይነት ሕግ እንዲያወጣ ሕዝቡ ፈቅዶለት ነበር፤ እስካሁን አላወጣም። ወረቀት ከሌለሽ ግን ስንት ትከፍዪ እንደነበር በምን ታስረጃለሽ?

የሁለት ልጆች እናት፦
እትዬን "ይፈርሙልኝ" ብዬ? ሞቼ ነው የምገኘው!

አምሳለ፣ ብሩክሊን ፓርክ፦
ባልሽ ይጠይቃቸው። የእሱ አክስት አይደሉ?

የሁለት ልጆች እናት፦
እሱማ "አንቺ ተናገሪ፣ አንቺን ይወዱሻል" ይለኛል። ለማንኛውም ቅዳሜ ሄደን ቤቱን እናያለን፣ ከዚያ እጽፋለሁ። ወረፋውንም ሰኞ እደውላለሁ።

ቆፍጣናው፦
መልካም ቅዳሜ። ስለ ገበያው ያነሳሁት ግን እስካሁን መልስ አላገኘም።

ልጅት ከነቀምት፦
ካርመል ሄደህ ሱቅ ተከራይ። ማን ከለከለህ?

ቆፍጣናው፦
የእኛ የሆነ እኮ ነው የምለው!

ልጅት ከነቀምት፦
የማን? እዚሁ ነን።

አስተባባሪ፦
ይሄኛውን ለብቻ ክፈቱት፣ እባካችሁ። እዚህ የቤት ጥያቄ ያለው ብቻ ይጻፍ።