ለካዮቲ የትኛውን ጠመንጃ ልግዛ?

ባለፍየሉ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች? ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከአውሮራ ወደ ምሥራቅ፣ ከከተማ 50 ደቂቃ ያህል ርቆ ከአጎቴ ልጅ ጋር መሬት ተከራይተን ፍየል እናረባለን። ለፋሲካ ያልናቸው 3 ግልገሎች በአንድ ሳምንት የካዮቲ ራት ሆኑ። ለማታውቁት፣ ካዮቲ ከቀበሮ ይተልቃል፣ ከተኩላ ያንሳል። አንዷን ግልገል ጎህ ሲቀድ አጥሩ ሥር አገኘኋት። ጉሮሮዋ ላይ የጥርስ ቀዳዳ፣ ሆዷ ባዶ። ጠመንጃ ልገዛ ወስኛለሁ። ሱቅ ብሄድ ሻጩ አራት ስም ደረደረልኝ፤ ቲካ፣ ሳቬጅ፣ ሬሚንግተን፣ ሩገር። ያለኝ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 1,200 ዶላር ነው። ምን ትላላችሁ?

ሻምበል፦
ልጄ፣ ይሄ ምን ያከራክራል? ሬሚንግተን 700 ግዛ። ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። የአሜሪካ ጦር አልሞ ተኳሾች ለዓመታት የያዙት በእሱ ላይ የተሠራ ጠመንጃ ነው። ደግሞ እኛ ሬሚንግተንን ዛሬ አላወቅነውም። የግብፅ ጦር ጉንደትና ጉራ ድረስ ተሸክሞት የመጣው ሬሚንግተን ነበር። በ1868 ዓ.ም ከጉራ በኋላ ማን እጅ እንደገባ መቼም አልነግርህም።

ባለትራኩ፦
ሻምበል፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የጉራ ድል ካዮቲ አይጥልም። ያኔ የነበረው ሬሚንግተንና የዛሬው ስም እንጂ ሌላ አያገናኛቸውም። ኩባንያው በ2018 እና በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለኪሳራ ፍርድ ቤት ሄዷል፣ ተከፋፍሎ ተሸጧል። ኒውዮርክ፣ ኢሊዮን የነበረው ጥንታዊ ፋብሪካ በ2024 ተዘግቶ ሥራው ወደ ጆርጂያ ዞሯል። የምላጩ ጉዳይም አለ። ከ2006 እስከ 2014 ከተሠሩት 700ዎች ብዙዎቹ ምላጭ ሳይሳብ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ ኩባንያው ራሱ በ2014 መልሱልኝ ብሏል። አዲሱ ይለያል፣ እሺ። ግን ርካሽ አገኘሁ ብለህ አሮጌ ከሰው ስትገዛ መለያ ቁጥሩን ሳታጣራ እንዳትከፍል።

እኔ የያዝኩት ቲካ ቲ3ኤክስ ነው። ፊንላንድ፣ ሪሂማኪ ከተማ የሚገኘው ሳኮ ይሠራዋል። 100 ያርድ ላይ 3 ጥይት ከአንድ ኢንች ብዙም በማይሰፋ ቦታ ያሳርፋል ብሎ ፋብሪካው ዋስትና ይሰጣል። ጥይት የሚያጎርሰው ቃታ ሲሳብ ልስልስ ያለ ነው፤ በጓንትም በብርድም አያስቸግርም።

መካኒኩ፦
ቲካ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ትርፍ የጥይት ካዝና ልግዛ ብለህ ዋጋውን ስታይ ግን ያ ሁሉ ለፕላስቲክ ነው ወይ ትላለህ። እኔ ሳቬጅ ባይ ነኝ። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በትልቅ ብሎን ቀለበት ነው። አፈሙዙ ሲያረጅ ትክክለኛው መፍቻና መለኪያ ካለህ ጋራዥህ ውስጥ ትቀይረዋለህ። ምላጩንም እንደ ጣትህ ታቀልለዋለህ። ለእንዲህ ዓይነት አደን ተብሎ የሚሠራው ወፍራም አፈሙዝ ያለው ሳቬጅ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ደጋግመህ ብትተኩስ ቶሎ አይግልም።

ባለትራኩ፦
4 ኪሎ ተሸክሞ ፍየል ይጠብቅ? ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ፕሬሪ ዶግ (ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር ትንሽ የሜዳ እንስሳ) ለሚተኩስ ሰው ወፍራም አፈሙዝ ልክ ነው። ካዮቲ ግን አንዴ፣ ግፋ ቢል ሁለቴ ብትተኩስበት ነው። ከዚያማ አቧራውን ነው የምታየው።

መካኒኩ፦
ይሄን ተቀበልኩ። እንግዲያው ከስሙ በፊት ጥይቱን ይምረጥ። ሻጮች 22-250 በሚባለው ጥይት ልብህን ያቀልጡታል። 55 ግሬን የሚመዝነው አረሩ በሰከንድ 3,600 ጫማ ያልፋል፣ 223 የሚባለው ጥይት ደግሞ 3,200 አካባቢ ነው። ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን 22-250 አፈሙዝ ቶሎ ይበላል፣ ጥይቱም ውድ ነው። 223 የትም አለ። ለጀማሪ ደግሞ ዋናው ልምምድ ነው፤ ርካሽ ጥይት ማለት ብዙ ልምምድ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጠመንጃው ላይ 223 ብቻ ከተጻፈ የወታደሩን 5.56 አታጉርሰው። መልኩ አንድ ነው፣ ግፊቱ ግን ይበልጣል።

ነርሷ፦
ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ብረት ነው። ግልገሎቹ የሚበሉት ሌሊት አይደለም እንዴ? ሌሊቱን ማን ነው ጠመንጃ ይዞ የሚያድረው? በቀን 12 ሰዓት የሚሠራ ሰው ነው። ግሬት ፒረኒስ የሚባለውን ነጩን የመንጋ ጠባቂ ውሻ ግዛ፣ እሱ ከፍየሎቹ ጋር ያድራል። ያባቶቻችን በግ ያለ ውሻ አድሮ ያውቃል? ደግሞ አንዱን ካዮቲ ብትገድለው ቦታውን ሌላው ይይዘዋል።

ሻምበል፦
ልጄ፣ ውሻውስ ይሁን። ግን ደም የለመደ አውሬ በጩኸት ብቻ አይመለስም።

ባለፍየሉ፦
ውሻውን እያሰብኩበት ነው። ሌላ ጥያቄ አለኝ። የአጎቴ ልጅም አንድ ይፈልጋል። ወረቀቱ ገና አላለቀም፣ ግሪን ካርድ የለውም። ብሩን ሰጥቶኝ ሁለቱንም በእኔ ስም ብገዛስ?

ነርሷ፦
እንዳታደርገው! ሱቅ ስትገባ የምትሞላው 4473 የሚባለው ቅጽ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ነው። በሰው ብር ለሰው ገዝተህ "አዎ" ካልክ የፌዴራል ወንጀል ነው። ተቀባዩ መግዛት የሚችል ሰው ቢሆን እንኳ አያድንህም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ወስኖታል። እኛ አገር "በስሜ ላውጣልህ" መተሳሰብ ነው። እዚህ ግን የአንተንም የእሱንም ወረቀት ገደል ይከታል። እሱ ጠመንጃውን ከመንካቱ በፊትም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ።

ባለትራኩ፦
ቅጹ ላይ ስለ አደንዛዥ ዕፅም ይጠየቃል። ማሪዋና ኮሎራዶ ውስጥ ተፈቅዷል ብለህ እንዳትሸወድ፣ ቅጹ የፌዴራል ነው። ጫት የምትቅሙም ሰምታችኋል፤ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ከፍለህም ያኑ ቀን አትወስድም። ከጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ 3 ቀን ትጠብቃለህ።

መካኒኩ፦
የብራንዱን ጨዋታ ልጨርሰው። እኔ የመጀመሪያዬን ስገዛ ስም አይቼ ነው የገዛሁት። ስሙን አልጠራም። መነጽሩን ለራሴ አስሬ፣ ብሎኑን ሳላጠብቅ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ጠመንጃውን ስረግም ኖርኩ። ጥፋቱ የአንድ ብሎን ነበር። 1,200 ዶላር ካለህ 800ውን ጠመንጃ ላይ አትጨርስ። ሩገር አሜሪካን ፕሬዳተር በ223 ውሰድ፣ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ከሚተርፍህ ጥሩ መነጽርና ብዙ ጥይት ግዛ።

ባለትራኩ፦
ሳቬጅ ባዩ ሩገር ግዛ አለ! ይሄን ያዙልኝ።

ነርሷ፦
መሬቱ ሜዳ ነው፣ ከካዮቲው ጀርባ የጎረቤት ቤት ሊኖር ይችላል። አፈር ከኋላው ሳታይ እንዳትተኩስ። የገደልከውንም ሜዳ ላይ አትተወው። ሥጋው ውስጥ የሚቀረው የእርሳስ ፍርፋሪ የሚበላውን ንስር ይመርዛል።

ባለፍየሉ፦
እሺ። አንድ ጠመንጃ፣ በስሜ፣ በገዛ ብሬ። ጥይቱ 223። ቅዳሜ ሄጄ ቲካውንና ሩገሩን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ አያለሁ፣ የተመቸኝን እወስዳለሁ። ባይርስ የሚባል ከተማ ውሻ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፣ እሁድ እደውልለታለሁ።

ሻምበል፦
ሬሚንግተኑን እንኳ ሳታየው? ይሁን። መነጽሩን ለማስተካከል ተኩስ ሜዳ ስትሄድ ጥራኝ፣ እመጣለሁ። ጥይቱን ግን አንተ ነህ የምትገዛው።