ዳሚኒ ለምን ሽሪቢላሽን አገባች? ቻቱራንጋን ያነበባችሁ

ከፒያሳ፦
ሰላም የጎንደር አንባቢዎች እንዴት ሰነበታችሁ። የሕንዳዊውን ደራሲ የታጎርን ቻቱራንጋ ማታ ማታ በስልኬ አንብቤ ጨረስኩ፣ በ1916 (በፈረንጅ) የወጣች ትንሽ ልብወለድ ናት ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ሻቺሽና ሽሪቢላሽ የኮሌጅ ጓደኛሞች ናቸው፣ ሻቺሽ መጀመሪያ እንደ አጎቱ ፈጣሪ የለም ባይ ነበር፣ አጎቱ በወረርሽኝ የታመሙ ድሆችን ቤቱ አስገብቶ ሲያስታምም በዛው በሽታ ሞተ፣ ከዛ ሻቺሽ ጭራሽ ዞሮ የአንድ መንፈሳዊ መምህር ተከታይ ሆነ። ዳሚኒ እዛ ያለች ባሏ የሞተባት ወጣት ናት። የምትወደው ሻቺሽን ነው እኮ! ታዲያ ሽሪቢላሽን ማግባቷ ተስፋ ቆርጣ ነው?

የአዘዞ ልጅ፦
ኧረ አይደለም ወንድሜ። ባሏ ሲሞት ሀብቱንም እሷንም አንድ ላይ ለመምህሩ አደራ ብሎ ነው የሄደው፣ ሰው እንደ ቤት ዕቃ ይናዘዛል? ሻቺሽም ቢሆን እሷን እንደ ፈተና ነው ያያት፣ አንድ ዋሻ ውስጥ አድረው በጨለማ እግሩ ስር ስትወድቅ አውሬ መስሎት ደረቷን ረገጣት፣ ያ ሕመም ነው በኋላ የገደላት። ሽሪቢላሽ ግን እሷን እንደ ሰው ያያት እሱ ብቻ ነው። ስትሞት እኮ በሚቀጥለው ሕይወትም እንዳገኝህ ነው ያለችው፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው እንደዛ አይልም።

እህተ ማርያም፦
እኔን ያስለቀሰችኝ ዳሚኒ ናት። ሕንድ ውስጥ ባል የሞተባት እንድታገባ ሕጉ በ1856 (በፈረንጅ) ፈቅዷል፣ ጎረቤት ግን አልፈቀደም። እኛ ጋ የሚከለክል ሕግም የለም ግን ወሬው አለ። አባታችን ሲሞት እናቴ ገና ልጅ ነበረች፣ ሙት ዓመቱ ወጥቶ ጥቁሩን ነጠላ አውልቃ በነጭ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ልትስም የወጣች ቀን አክስቴ በር ላይ ቆማ "ቶሎ ረሳሽው" አለቻት። እናቴ ምንም ሳትመልስ ገብታ ጥቁሩን መልሳ ለበሰችው፣ ከዛ በኋላ ስንት ዓመት። ቆብ ድፊ ያሏትም ነበሩ፣ እሷ ግን መመነን አልፈለገችም፣ ልጆቿን ማሳደግ ነው የፈለገችው። ዳሚኒ ከመምህሩ ጋር ስትጣላ ያነበብኩ ጊዜ እናቴ ያላለችውን ስትልላት መሰለኝ።

ከፒያሳ፦
እውነት ነው፣ እኔ ሻቺሽ ሻቺሽ እያልኩ ሽሪቢላሽን ሳላየው አለፍኩ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ዛሬ ማታ እደግመዋለሁ። እህቴ፣ እናትሽ በኋላ አገቡ?

እህተ ማርያም፦
አላገባችም። አንድ ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር፣ አክስቴ ናት ከደጅ የመለሰቻቸው።