ማሽኑ ይጮኻል፣ ስቆፍር ግን ቀለበቱ የለም

ጠያቂ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ጓሮ ጎመን ስትተክል የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ ጠፋ። የብር ቀለበት ነው፤ 40 ዓመት ሙሉ አውልቃው አታውቅም። የብረት መፈለጊያ ማሽን ተውሼ 2 ቀን ለፋሁ። ይጮኻል፣ እቆፍራለሁ፣ ምንም የለም። ጎመኑን ጨረስኩት። ትክክለኛ ቦታውን እንዴት ልለይ? ኮይሉ (መሬቱ ላይ የሚወዛወዘው ዝርግ ጫፉ) ዲዲ የሚባለው ነው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ማሽኑ ደህና ነው። ዲዲ ኮይል አጥርቶ የሚሰማው ከፊት ወደ ኋላ መሐሉን በሚያልፍ ቀጭን መስመር ነው። ግራና ቀኝ ስታወዛውዘው ዕቃው በዚያ መስመር ስር እንዳለ ታውቃለህ። ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ ግን አይለይልህም። ስለዚህ መስመሩን መሬቱ ላይ በእንጨት ጫር። ከዚያ ዞረህ ከጎን በኩል ቁምና እንደገና አወዛውዝ። ሁለተኛውንም ጫር። መስቀለኛው ላይ ቆፍር። ኮይሉ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። እኔ ዳር ስደርስ እጄ ከፍ ይልብኝ ነበር፤ ብዙ ያሳሳተኝ እሱ ነው።

መልስ፣ ከደሴ፦
ማሽኑ የፒንፖይንት (የዕቃውን ትክክለኛ ቦታ መለያ) ቁልፍ ካለው፣ ዕቃው ላይ ሆነህ አትጫነው፤ ድምፁን ያጠፋብሃል። ባዶ መሬት ላይ ተጭነህ ቀስ ብለህ ቅረብ። ድምፁ ሰፊ ቦታ ከያዘ መሐሉ ጋ ሳትደርስ ለቀህ እንደገና ተጫን፣ ይጠብልሃል።

ደግሞ ጓሮ ሚስማርና ቆርኪ አያጣም። የተጋደመ ሚስማር ብዙ ጊዜ ከአንድ በኩል ጮኾ ከሌላው ይቆራረጣል። ቀለበት ከየትም ብትመጣ ድምፁ ያው ነው። ሌላ የብር ቀለበት በክር አስረህ ቅበርና ጆሮህን አስለምደው።

መልስ፣ ከደሴ፦
ጓሮህ ውስጥም ቢሆን ቀስ በል። የ2014ቱ ጦርነት በእኛ ከተማ አልፏል። ማሽኑ ቀለበትና ያልፈነዳ ነገር ለይቶ አይነግርህም። በዶማ አትምታ፣ አፈሩን በእጅ መኮትኮቻ ከጎን ግለጥ። የጥይት ወይም የቦምብ መልክ ያለው ነገር ካየህ አትንካው። ልጆቹን አርቅና ፖሊስ ጥራ።

ጠያቂ፦
አገኘነው! የእህቴን ቀለበት ቀብሬ ስለማመድ አንድ ስንዝር ያህል እስት ነበር። ወደ ማታ ወደ ሁለት ጣት ወረደ። የእናቴ ቀለበት መጀመሪያ ቀን የቆፈርኩት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ በአራት ጣት ነው ያለፍኩት። አጥባ አጠለቀችው። ምርቃቷ ለሁላችሁም ነው።