ከተናጋሪው ጀርባ የቀረ የመብራት ስታንድ፦ ካሜራው እየሄደ እንዴት ይጥፋ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። 9 ሰከንድ የሚሆን ሾት አለኝ፤ 4ኬ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ካሜራው በስላይደር ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከተናጋሪው ጀርባ፣ ከጡብ ግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ የመብራት ስታንድ ቀርቷል። ለ40 ፍሬም ያህል ደግሞ የተናጋሪው እጅ በስታንዱ ፊት ያልፋል። በአፍተር ኢፌክትስ ኮንቴንት-አዌር ፊል (የተቆረጠን ቦታ ራሱ የሚሞላ መሣሪያ)፣ «ኦብጀክት» በሚለው ዘዴ ሞከርኩት። ጡቦቹ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስል ይዋልላሉ፤ እጁ ሲያልፍም የቆዳው ቀለም ግድግዳው ላይ ይለቀለቃል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

መልስ 1

ፊሉ ጥሩ የሚሠራው የተሸፈነውን ቦታ ከሌላ ፍሬም ላይ ሲያገኘው ነው። ስታንዱ ግድግዳው ጋ ስለተጠጋ፣ ካሜራው ቢሄድም ከኋላው ያለው ጡብ በደንብ አይገለጥም። ስለዚህ ይገምታል፤ ግምቱ በየፍሬሙ ስለሚለያይ ነው የሚዋልለው። ጡቡን አንተ ራስህ ሥራለት።

ሌየሩን (የሾቱን ንብርብር) አባዛው። በታችኛው ላይ፣ በስታንዱ ዙሪያ ከ8–10 ፒክስል ትርፍ እየተውክ ማስክ (ቦታውን የሚከልል መስመር) ሥራና ቦታው እንዲቆረጥ ሞዱን «ሰብትራክት» አድርገው። እጁ በሚያልፍባቸው 40 ፍሬሞች ማስኩ እጁንም ይዋጠው፤ ካልሆነ ፊሉ ከጠርዙ የቆዳ ቀለም ይቀዳል። ከዚያ «ክሬት ሪፈረንስ ፍሬም» በል። ፎቶሾፕ ሲከፈት ጡቡን በክሎን ስታምፕ (ከሌላ ቦታ በሚቀዳው ብሩሽ) ሙላ፤ በጡቦቹ መሀል ያለው የሲሚንቶ መስመር ግራና ቀኝ መግጠሙን አደራ። ሴቭ አድርገህ ተመለስ፣ ፊል ሜተዱን «ሰርፌስ» አድርገህ ጀነሬት በል። መጨረሻ ላይ ከላይኛው ሌየር እጁን ብቻ በሮቶ (ዙሪያውን በየፍሬሙ በማስክ እየተከተልክ) ቆርጠህ ታስቀምጥበታለህ። እጁ በፍጥነት ሲሄድ ጣቶቹ ስለሚደበዝዙ የማስኩ ፌዘርም (የጠርዙ ልስላሴ) እዚያ ላይ ይስፋ።

መልስ 2

ግድግዳው ዝርግ ከሆነ ፊል ጨርሶ አያስፈልግም። ስታንዱ በደንብ የጠፋበት አንድ ፍሬም እና ትራክ (የግድግዳውን እንቅስቃሴ በየፍሬሙ መከተል) ይበቃሉ።

ሞካ (የትራክ ማድረጊያ ፕሮግራም) ውስጥ ትራክ የሚደረገው ግድግዳው ነው፣ ስታንዱ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስታንዱ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብሎ ስለቆመ አካሄዱ ከጡቡ ይለያል፤ እሱን የተከተለ ጥገና ግድግዳው ላይ ይንሸራተታል። ተናጋሪውን በሌላ ሼፕ ከልለው፤ ያ ሼፕ በዝርዝሩ ከግድግዳው ሼፕ በላይ ይቀመጥ። ፐርስፔክቲቭን ክፈት። የሰርፌሱን (የሞካውን ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን) አራት ጫፎች ከጡብ መስመሮች ጋር አስተካክለህ አጫውተው፤ 225ኛው ፍሬም ላይም እነዚያው ጡቦች ላይ ከተገኘ ትራኩ ደህና ነው።

አንድ ነገር እንዳትዘነጋ፦ የቆመ ፍሬም ግሬኑም (የምስሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ) የቆመ ነው። ዙሪያው እየተርገበገበ እሱ ጸጥ ሲል ላዩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። ፍሬሙን ከማጽዳትህ በፊት ዲኖይዝ አድርገው (ግሬኑን አጥፋ)፣ በኋላ በ«ማች ግሬን» ከዋናው ሾት ግሬኑን መልስለት። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ቻነል ለየብቻ በ200% እይ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ሰማያዊው ነው።

ጠያቂው

ትራኩ ተያዘ፣ እናመሰግናለን። መሀል ላይ ልክ ይገጥማል፤ ስታንዱ ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ሲጠጋ ግን ጥገናው 2–3 ፒክስል ይሸሻል። ግድግዳው ላይም ጠቆር ያለ ቀጥ ያለ መስመር ቀርቷል።

መልስ 3

የሚሸሸው በሌንሱ ምክንያት ነው። ሰፊ ሌንስ ቀጥ ያለውን መስመር ጠርዝ አካባቢ ያጎብጠዋል፤ ኮርነር ፒን (ጥገናውን በአራት ጫፎቹ የሚያያይዘው) ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ዲስቶርሽኑን (ይህን ጉብጠት) አውጥተህ ትራኩንና ጥገናውን እዚያ ሥራ። ከዚያ ጥገናውን ብቻ መልሰህ አጉብጠህ ባልተነካው ዋና ሾት ላይ አስቀምጠው። ሙሉውን ሾት አቅንተህ መልሰህ ካጎበጥከው ምስሉ በከንቱ ይለሰልሳል።

መስመሩ የስታንዱ ጥላ ነው። በጥላ ስር ያለው ጡብ እውነተኛ ስለሆነ አትሙላው፤ ለብቻው ማስክ ሠርተህ በከርቭስ (በብርሃን ማስተካከያው) አንጣው። የጥላ ጠርዝ ለስላሳ ነውና ፌዘሩን ከ30 ፒክስል አካባቢ ጀምር። ስታንዱ ያረፈበት ወለል የሚያንጸባርቅ ከሆነ እዚያም የስታንዱ ነጸብራቅ ይኖራል።

ካሜራው አውቶ ኤክስፖዠር ላይ ከነበረ የግድግዳው ብርሃን በመሀል ይለዋወጣል፤ ያኔ የጥገናው ብርሃን ኪፍሬም (በጊዜ የሚለዋወጥ ቅንብር) ይፈልጋል። ሁሉንም ከከለር ግሬዲንግ በፊት ጨርስ። ከመላክህ በፊት ጋማውን (የምስሉን መካከለኛ ብርሃን) በጣም ከፍ፣ ቀጥሎም በጣም ዝቅ አድርገህ አጫውተው፤ በተለመደው ብርሃን የተደበቀ ጠርዝ ያኔ ይወጣል።