የ1972 ፔኒ ላይ ፊደሉ ተደርቧል፤ እውነተኛ የህትመት ስህተት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሳንቲም የምትሰበስቡ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር አጣሩልኝ።

እዚህ አሜሪካ ከባንክ ጥቅል ሳንቲም እየወሰድኩ መፈተሽ ሱስ ሆኖብኛል (ሚስቴ «ሥራ ፈት» ትለኛለች)። ሰሞኑን በፈረንጆች 1972 የተመታ ፔኒ (የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም) አገኘሁ። ከዓመቱ ሥር የት እንደተመታ የሚያሳይ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ የፊላደልፊያ ነው። የዚያ ዓመት የፊላደልፊያ ፔኒ ደግሞ በድርብ ጽሑፉ የታወቀ ነው። ዳይ የሚባለው የማተሚያ ቅርጽ ሲሠራ ጽሑፉ ትንሽ ተዛንፎ ተደርቦበታል።

የኔው ላይ «ሊበርቲ» የሚለው ቃልና ዓመቱ ድርብ ሆነው ይታያሉ። ግን ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ነው፤ ልክ እንደ ደረጃ። እንዲህ ያለው ዳዩ ሳንቲሙን ሲመታ ስለተንሸራተተ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋ የለውም። እውነተኛው ድርብ ሞላ ያለ ነው፤ የፊደሉም ጫፍ ለሁለት ይሰነጠቃል። ግራ ያጋባኝ «ትረስት» የሚለው ቃል ነው። የመጨረሻው «ቲ» ጫፉ የተሰነጠቀ ይመስለኛል።

ጀርባውንም አየሁ። በጣም የሚፈለገው ዓይነት «ዩናይትድ» ከሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደል በላይ፣ ጠርዙ አጠገብ ትንሽ ጭረት አለው። የኔ ላይ የለም። ሆኖም ድርባቸው ደከም ያለ ሌሎች የ1972 ዳዮችም አሉ።

እስቲ ንገሩኝ፦ ሁለቱ ዓይነት ድርብ አንድ ሳንቲም ላይ አብሮ ሊገኝ ይችላል? በማጉያ ሳይ መብራቱን ከየት በኩል ላድርገው? ለባለሙያ ልላከው ወይስ ክፍያው ከሳንቲሙ ይበልጣል? አላጠብኩትም፣ አልወለወልኩትም። ፎቶ የሚፈልግ ካለ በቅርበት አንስቼ እልካለሁ።