ልጅሽ ሃይስኩል ስትጀምር፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

እህቴ፣ ልጅሽ ሰኞ ሃይስኩል ልትጀምር እንደሆነ አንብቤ ነው የምጽፍልሽ። የኔዋ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆናት። አዲስ አበባ 10ኛ ክፍል ጨርሳ ነው የመጣችው፣ እኛ ያለነው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙውን ነገር ያወቅኩት ካለፈ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት። ምን ሆንሽ ብላት ዝም አለች። ቆይታ ነው የነገረችኝ። አንደኛው ፔሬድ አልቆ ሲደወል ልጆቹ ሁሉ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ፣ እሷ ግን እንደ አገር ቤት ቀጣዩ አስተማሪ የሚመጣ መስሏት ተቀምጣ ቀረች። ሌሎች ልጆች ገብተው ክፍሉ ሞላ፤ አንዱ አጠገቧ መጥቶ ቆሞ ቦታው የኔ ነው ሲላት ነው የገባት። እዚህ የሚዞረው ተማሪው ነው። በፔሬዶቹ መሀል ያለችው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ናት፣ ህንጻው ሰፊ ነው፣ የያዘችው ወረቀት ላይ ያለው የክፍል ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውይና ቀድመን መጥተን ህንጻውን ማየት እንችላለን ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከፈቀዱ ስኬጁሏን (የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሟን) ይዛችሁ ከክፍል ክፍል በተራው በእግራችሁ ሂዱ። ሎከር (የሚቆለፍ የዕቃ ሳጥን) ከሰጧትም እዚያው ከፍታ ትዝጋው፣ ደጋግማ።

ዋናው ግን ስኬጁሉ ራሱ ነው፣ እባክሽ እሱን አትለፊው። የኔዋን 9ኛ ክፍል የጨረሰችውን ሒሳብ እንደገና አስገቧት። ምክንያቱን ስንከታተል ትራንስክሪፕቷ (ካገር ቤት ያመጣችው የውጤት ወረቀት) በደንብ አልታየም። ወረቀቱ ላይ 2015 የሚለው በእኛ አቆጣጠር እንደሆነ ማንም ስላላስረዳቸው የቆየ ወረቀት መስሏቸው ነበር። ስታስረክቢ ዓመቱ በፈረንጅ ስንት እንደሆነ ጎኑ ላይ ጽፈሽ አያይዢ፣ 2015 የትምህርት ዘመን ማለት ከ2022 እስከ 2023 ማለት ነው። ከዚያ ካውንስለሯን (የትምህርት ቤት አማካሪዋን) አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ካገር ቤት ይዛ ከመጣችው ስንት ክሬዲት (ላለፈችው ትምህርት የሚያዝላት ነጥብ) ተቆጠረላት? እዚህ ቨርጂኒያ ለስታንዳርድ ዲፕሎማ 22 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ ሌላው ስቴት የራሱ ቁጥር አለው። ያልተቆጠረ ክሬዲት ማለት ልጅሽ የተማረችውን ደግማ ትማራለች ማለት ነው፣ 17 ወይም 18 ዓመት ሞልቷት ለምትመጣ ልጅ ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ክፍል መቀየር የሚፈቅዱት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ ይረጋጋ ብለሽ አትጠብቂ። እኔ ጠብቄ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የእንግሊዝኛ ፈተና ይሰጧታል፣ በብዙ ስቴት ዊዳ የሚባለው ነው። በውጤቷ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥ ክፍል) ብትገባ አትዘኚ፣ ቅጣት አይደለም፣ የኔን ልጅ ያቆማት እሱ ነው። ግን ኢኤስኤል ገባች ተብሎ ሳይንስና ሒሳብ ሊከለክሏት አይገባም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ በ1974 ቋንቋውን የማይችል ተማሪ እርዳታ ሊያገኝ እንደሚገባ ወስኗል። ወረቀት የሌላቸው ወላጆችም አትፍሩ፤ ይኸው ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁን በመኖሪያ ፈቃድ ምክንያት ሊከለክለው አይችልም።

ትምህርት ቤቱ ስትሄጂ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በይ። ነፃ ነው፣ ማቅረብም ግዴታቸው ነው። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊያት። እኔ አድርጌያት ካውንስለሯ ስለ ውጤቷ የነገረችኝን ግማሹን ሳትነግረኝ ቀረች፣ አልፈርድባትም፣ ልጅ ናት።

ሌላው የቤት ሥራ ነው። አገር ቤት ብዙውን ጊዜ ፋይናል ላይ ይካካሳል እንል ነበር። እዚህ ያልተሰጠ የቤት ሥራ ብዙ ጊዜ ዜሮ ሆኖ ይገባና አማካዩን ይዞት ይወርዳል። ለወላጅ የሚሰጠውን የኢንተርኔት መግቢያ ተቀበያቸውና ዓርብ ዓርብ አብራችሁ እዩት። አስተማሪ ስታናግር ቀና ብላ እንድታይም ንገሪያት፤ እኛ በአክብሮት አንገታችንን ስንደፋ እነሱ አልገባትም ወይም ደብሯታል ብለው ሊያስቡ ይችላሉ።

ማታ ስትመጣ ትምህርት እንዴት ነበር ከማለትሽ በፊት ምሳ ከማን ጋር በላሽ በያት። የኔዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ላይብረሪ ተቀምጣ ምሳዋን ሳትበላ ትመለስ ነበር፣ ያወቅኩት የቋጠርኩላት ዳቦ ቦርሳዋ ስር ደርቆ ሳገኘው ነው። የኢኤስኤል አስተማሪዋን ሳናግራት የሷ ክፍል በምሳ ሰዓት ክፍት እንደሆነ ነገረችኝ። ከማግስቱ ጀምሮ እዚያ ከአንዲት የኤል ሳልቫዶር ልጅ ጋር መብላት ጀመረች፣ ሁለቱም እንግሊዝኛቸው ገና ነበር፣ ስልክ ላይ እየተረጎሙ ነው ያወሩት።

ስኬጁሏ ሲደርስሽ ስሟን ሸፍነሽ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊው። ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ፣ ልጆቻቸውን ያስጨረሱም ብዙ አሉ።