የታሳሪ ቁጥር ይቀነስ ሲባል የነዋሪው ደኅንነትስ?

ክርክሩ፦ ፍርድ ሳያገኙ የሚታሰሩ ሰዎች ቁጥር ይቀንስ ከተባለ፣ ማን ይውጣ? ማን ይቆይ?

ተከራካሪ ሀ፦ ከስሌቱ እንነሣ። በቀን 20 ሰው ቢገባና በአማካይ 30 ቀን ቢቆይ ሁልጊዜ 600 ታሳሪ አለ። ቆይታው ወደ 24 ቀን ቢያጥር 480 ይሆናል። 120 ሰው የቀነሰው መዝገብ በማፋጠን ብቻ ነው። ቀላል ጥፋት ያጠፉት ጭራሽ ባይገቡ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል።

ተከራካሪ ለ፦ በመጨረሻዋ አልስማማም። አማካይ ያታልላል። ከ20ዎቹ 10ሩ 2 ቀን፣ 10ሩ 58 ቀን ቢቆዩ አማካዩ ያው 30 ነው። ቀላሎቹ የያዙት ግን 20 አልጋ ነው፤ ከባዶቹ 580። ቁጥሩ በእውነት እንዲቀንስ ከባድ ክስ ያለባቸውን መንካት ግድ ነው፤ ይህ ለሕዝቡ በግልጽ ይነገረው።

ተከራካሪ ሐ፦ ስሌትህ ልክ ነው ወንድሜ። ግን 58ቱን ቀን የሚበላው ምንድን ነው? የላቦራቶሪ ውጤት መዘግየት፣ የምስክር አለመቅረብ፣ ተከላካይ ጠበቃው በአንድ ሰዓት ሁለት ችሎት መጠራቱ፣ የታሳሪ ማመላለሻ መኪና መጥፋት። አንድ ቀጠሮ በከሸፈ ቁጥር ሳምንታት ይጨመራሉ። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ከ2017 ጀምሮ የገንዘብ ዋስትናን ከሞላ ጎደል ስታስቀር ጊዜም ገድባለች፦ ለታሰረ ሰው ክስ በ90 ቀን፣ ከዚያ የፍርድ ሂደቱ በ180 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። አደገኛ ነው የሚባለውን ዐቃቤ ሕግ አመልክቶ፣ ማስረጃ ተሰምቶ፣ ያለ ዋስትና ይያዛል። ገንዘብማ አደጋን አይለካም፤ ያለው ደብዳቢ ከፍሎ ይወጣል፣ የሌለው የሞባይል ሌባ ይቀራል።

ተከራካሪ ለ፦ ከገደቡ ውስጥ የማይቆጠሩ ቀናት እንዳሉም ጨምርበት። የእኔ ጭንቀት የሚለቀቅበት ዕለት ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተጠረጠረ ሰው ከመውጣቱ በፊት ለተበዳይዋ ካልተነገራት፣ በሩን የሚያንኳኳው እሷ ሳታውቅ ነው። በእግሩ መከታተያ ታስሮለታል ማለት አይበቃም። ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሲግናሉ ምድር ቤት ሲጠፋ ማንቂያው ይጮኻል፤ ሌሊት ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ካልተመደበ መሣሪያው ጥሰት ከመመዝገብ በቀር አያድናትም።

ተከራካሪ መ፦ ቀጠሮ መርሳትና መጥፋትም ይለዩ። በ2020 የወጣ የኒው ዮርክ ከተማ ጥናት በሞባይል መልእክት ማስታወሻ ሲላክ ያልቀረቡት በ21 በመቶ ገደማ ቀንሰው አግኝቷል። ጥናቱ ለቀላል ጥፋት የተጠሩትን ነው የተመለከተው፤ ለከባድ ክስ ማስረጃ አይሆንም።

ተከራካሪ ሀ፦ እንግዲያው ከ30 ቀን በላይ የቆዩት ሁሉ ዝርዝር በየሳምንቱ ይውጣ፤ ከየስሙ አጠገብ መዝገቡን ያቆመው ምክንያት ይጻፍ። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከላካይና የማረፊያ ቤቱ ኃላፊ አብረው ይዩት።

ተከራካሪ ለ፦ የተበዳይ ወገን የሚናገርበት ወንበር ከተጨመረ እስማማለሁ። ያለዚያ አልፈርምም።